የጅቡቲ በርና የጠመንጃ ምርጫ፤ ከውጅግራ እስከ ኤም ዋን

በጅቡቲ ከተማ ውስጥ ሁለት የታወቁ አደባባዮች አሉ። አንደኛው በፈረንሳይ አገዛዝ ዘመን «ምኒልክ አደባባይ» ይባል ነበር። አገሪቱ ነጻ ከወጣች ወዲህ ግን በነጻነቷ ዕለት «የጁን 27 ቀን 1977 አደባባይ» ተብሎ ተሰይሟል፤ ምንም እንኳ አሮጌው ስም ከሰው አፍ ጨርሶ ባይጠፋም። ሁለተኛው «ራምቦ አደባባይ» ይባል የነበረው ሲሆን ዛሬ የፖለቲካ ታጋዩ የማሕሙድ ሐርቢ ስም ተሰጥቶታል። አደባባዮቹ ቀድሞ በስማቸው ይጠሩላቸው የነበሩት ሁለት ሰዎች፣ ማለትም ምኒልክና ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦ፣ በሕይወት ሳሉ ያገናኛቸው ቅኔ አልነበረም። ያገናኛቸው የጠመንጃ ንግድ ነው። አንዱ ገዢ ነበር፤ ሌላው ሻጭ።

ስለ አድዋ ድል በምናስተምርበት ጊዜ «ምኒልክ በጅቡቲ በኩል ጠመንጃ አስገቡ» ብለን እናልፋለን። ተማሪውም ይህንኑ ይጽፋል። ነገር ግን ምን ዓይነት ጠመንጃ ነው? ስንት ዓይነት ጥይት ይጎርሳል? ጥይቱ ሲያልቅስ ከየት ይመጣል? እነዚህን ጥያቄዎች ስናነሳ የጦር መሣሪያ ታሪክ የጀግንነት ታሪክ ብቻ መሆኑ ይቀርና የባሩድ፣ የቀለህ፣ የወደብና የውል ታሪክ ይሆናል። በእኛ አስተያየት ጠመንጃን የሚያስመርጠው ጥይቱ ነው፤ ለኢትዮጵያ ደግሞ ጥይቱን የሚሰጠውም የሚነሳውም ለብዙ ዘመን የጅቡቲ በር ነበር። ይህንን ከመጀመሪያው ትውልድ ነጠላ ተኳሽ ጠመንጃ አንሥተን፣ ራሱን በራሱ እስከሚያጎርሰው ጠመንጃ ድረስ ለማየት እንሞክራለን።

በቅድሚያ ስለ ዓመተ ምሕረቱ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» ያልተባለበት ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ይህንን የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። የጅቡቲ ከተማ መቆርቆር የጀመረችው በ1888 ነው፤ የአድዋ ጦርነት የተደረገው በ1888 ዓ.ም. ነው። ቁጥሩ አንድ ይሁን እንጂ በመካከላቸው ስምንት ዓመት ያህል አለ። በፈተና ወረቀት ላይ ሁለቱን አንድ የሚያደርግ ተማሪ ብዙ ነው።

ራምቦ ለዚህ ንግድ ወደ ባሕሩ ዳርቻ የመጣው በ1885 መጨረሻ ላይ ነው። ያረፈው ግን በጅቡቲ ሳይሆን ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ባለችው የአፋሮች ከተማ በታጁራ ነበር። ጅቡቲ በዚያን ጊዜ ገና ከተማ አልሆነችም። ፈረንሳዮች በ1862 ውል የያዙት ኦቦክን ነው፤ ገዢው ሌዎንስ ላጋርድም የተቀመጠው እዚያው ነበር። የራምቦ ሸሪክ ላባቱ ታመመና በ1886 ሞተ። አብሮት ሊወጣ የነበረው ሌላው ነጋዴ ሶሌዬም በዚያው ዓመት በዓደን አረፈ። በዚህ ላይ ፈረንሳይና እንግሊዝ መሣሪያ ወደ ውስጥ እንዳይገባ በመስማማታቸው ራምቦ ወራት ሙሉ ታጁራ ላይ ተይዞ ቆየ። በመጨረሻ በኦክቶበር 1886 ወደ 2,000 የሚጠጋ ጠመንጃ በግመል ጭኖ ተነሣና በፌብሩዋሪ 1887 አንኮበር ደረሰ። ምኒልክ ሐረርን ይዘው ገና መመለሳቸው ስለነበር ከእርሳቸው ጋር የተገናኘው እንጦጦ ላይ ነው።

ጠመንጃዎቹ ምን ነበሩ? ራምቦ ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ ራሱ አልደበቀውም። በአውሮፓ ከተጣሉ አርባ ዓመት የሆናቸው፣ በቆብ የሚተኮሱ የድሮ ጠመንጃዎች ነበሩ። በሊዬዥ ከተማ አሮጌ መሣሪያ ሻጮች ዘንድ የአንዱ ዋጋ 7 ወይም 8 ፍራንክ ሲሆን፣ ሸዋ ሲደርስ 40 ፍራንክ ያህል እንደሚሸጥ አስልቷል። ሒሳቡ ግን እንዳሰበው አልሆነለትም። ምኒልክ ዋጋውን ሰበሩት፤ ሟቹ ላባቱ የነበረበትንም ዕዳ ከዚያው ላይ ቀነሱበት፤ ቀሪውንም ሐረር ወርዶ ከደጃዝማች መኮንን፣ ከኋለኛው ራስ መኮንን፣ እንዲቀበል አደረጉት። «አውሮፓዊው ነጋዴ የዋሁን የአፍሪካ ንጉሥ በአሮጌ ብረት አታለለው» የሚለው የተለመደ ትረካ እንግዲህ ከሰነዱ ጋር አይገጥምም። የተበላው ነጋዴው ነው።

ከዚህም በላይ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በቆብ የሚተኮሰው ጠመንጃ አሮጌ ቢሆንም አንድ ትልቅ ጠቀሜታ ነበረው። ባሩዱን በአገር ውስጥ መቀመም፣ እርሳሱን ቀልጦ በቅርጽ ማፍሰስ ይቻል ነበር። ጥቁር ባሩድ የሚሠራው ከፖታሲየም ናይትሬት፣ ከከሰልና ከድኝ ነው፤ መጠኑም በመቶ ሲሰላ 75፣ 15 እና 10 ያህል ነው። የባሩድ ቀማሚዎች ይህንን የሚያውቁት በቀመር ሳይሆን በልምድ ነበር። ከባሕር ማዶ የግድ መምጣት የነበረበት ትንሿ የመዳብ ቆብ ብቻ ናት። እንዲህ ያለው ጠመንጃ የያዘ ወታደር ቀስ ብሎ ይተኩሳል፤ ነገር ግን ወደቡ ቢዘጋበትም ወዲያው ባዶ እጁን አይቀርም።

ውጅግራ መጣና ይህንን ሁሉ ለወጠው። ውጅግራ ማለት በፈረንሳይኛ «ፉዚ ግራ»፣ ይኸውም የሻምበል ግራ ጠመንጃ ማለት ሲሆን ያገራችን ወታደር በአፉ አለስልሶ የራሱ ቃል አድርጎታል። በዚሁ ዓይነት የእንግሊዙ ስናይደር «ሲናድር»፣ የቤልጅጉ አልቢኒ «አልቢን»፣ የኦስትሪያው ማንሊኸር «ምንሽር» ሆነዋል። ኋላ ደግሞ ከቤልጅግ ፋብሪካ የመጣው ማውዘር በአገሩ ስም «ቤልጅግ» ተባለ። የጠመንጃ ስሞቻችን ዝርዝር እንግዲህ የአውሮፓ የፋብሪካ ካርታ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ውጅግራ 11 ሚሊሜትር የሚጎርስ፣ በ1874 የፈረንሳይ ጦር የተቀበለው ጠመንጃ ነው። ካዝና የለውም፤ አንድ ጥይት ይጎርሳል፣ ይተኮሳል፣ ቀለሁ ይወጣል፣ ሌላ ይጎርሳል። ጥይቱ ግን ባሩዱንም እርሳሱንም ቆቡንም በአንድ የነሐስ ቀለህ ውስጥ የያዘ ነው። ፈረንሳይ በ1886 ለበል የተባለውን አዲስ ጠመንጃ ስትይዝ ውጅግራው በመቶ ሺህ እየተቆጠረ ከግምጃ ቤት ወጣ፤ ለነጋዴ ተሸጠ፤ ብዙው ወደ ቀይ ባሕር ወረደ። ሌዎን ሸፍኔና አርማን ሳቩሬ የመሰሉ ነጋዴዎች ሀብታቸውን ያፈሩት በእንዲህ ያለው ንግድ ነው። ሸፍኔ ከስዊሱ ከአልፍሬድ ኢልግ ጋር ሆኖ በ1894 የባቡር ሐዲዱን ኮንሴሲዮን ለማግኘት የበቃውም በመሣሪያ ንግዱ ከቤተ መንግሥት ጋር በመተዋወቁ ነው።

በ1888 በባሕሩ ዳር ባሉት ዝቅተኛ አምባዎች ላይ መሠረቷ የተጣለው ጅቡቲ ወዲያው ኦቦክን ተክታ የቅኝ ግዛቱ መቀመጫ ሆነች። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ኦቦክ ውኃዋ ጥቂት፣ ወደ ሐረር የሚወስደው መንገድም ሩቅ ነበር። ከጅቡቲ ግን የቅፍለት መንገድ የኢሳ ሶማሌዎችን አገር አቋርጦ በጊልዴሳ በኩል ሐረር ይደርሳል። በዚህ መንገድ ወደ ላይ ጠመንጃና ጥይት ይወጣል፤ ወደ ታች ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ቆዳና ወርቅ ይወርዳል።

ጥይት በአገራችን ገበያ ላይ እንደ ገንዘብ ያገለግል እንደነበር የብዙ ተጓዦች ማስታወሻ ይመሰክራል። ከማርያ ቴሬዛ ብር በታች ዝርዝር ሲያስፈልግ አሞሌ ጨው አለ፤ ከአሞሌውም ጎን የውጅግራ ጥይት አለ። ባዶውም ቀለህ አይጣልም ነበር፤ ይሰበሰባል፣ እንደገና ይሞላል፣ ይሸጣል። የኢኮኖሚ መምህራን ስለ ገንዘብ ጠባይ ሲያስተምሩ ከባሕር ማዶ ምሳሌ ከሚፈልጉ ይህንን ቢያነሱት እንመርጣለን። ሰው ጥይትን በገንዘብነት የሚቀበለው ሌላው ሰውም እንደሚቀበለው ስለሚያውቅ ነው። ሌላው የሚቀበለው ደግሞ ያ ዓይነት ጠመንጃ በየቤቱ ስላለ ነው። ስለዚህ ጥይቱ በገበያ የማይገኝ፣ ምንም ያህል ጥሩ የሆነ ጠመንጃ ከመያዝ ይልቅ አሮጌውን ውጅግራ መያዝ ብልህነት ነበር።

ምኒልክ በአንድ በር ብቻ አልተማመኑም። በኦክቶበር 1887 ከጣሊያን ጋር በተደረገው ስምምነት 5,000 ሬሚንግተን ጠመንጃ ተስፋ ተሰጣቸው። ከ1889 የውጫሌ ውል ጋር ደግሞ ራስ መኮንን ሮም ሄደው የ4 ሚሊዮን ሊሬ ብድር ተዋዋሉ፤ ከዚህም ገንዘብ ለመሣሪያ ዋለ። ጣሊያን ጥይት የምትሰጠው ገመዱን በእጇ ለመያዝ ነበር። በ1893 መጀመሪያ ላይ ልዑኳ ትራቬርሲ 2 ሚሊዮን ያህል ጥይት ይዞ መጣ፤ ምኒልክም ጥይቱን ተረክበው በፌብሩዋሪ ወር የውጫሌን ውል ማፍረሳቸውን ለኃያላን መንግሥታት አስታወቁ። ጥይቱ ግምጃ ቤት ከገባ በኋላ ገመዱ ተበጠሰ ማለት ነው። ስለ ውጫሌ ስናስተምር አንቀጽ 17ን ብቻ ከማንሣት፣ ይህንንም የጥይት ሒሳብ አብረን ብናስተምር ተማሪው የዲፕሎማሲን ጨዋታ በተሻለ ይገነዘበዋል እንላለን።

በ1890 የተፈረመው የብራሰልስ ስምምነት ከሰሜን 20ኛው እስከ ደቡብ 22ኛው የኬክሮስ መስመር ባለው የአፍሪካ ምድር ዘመናዊ ጠመንጃ እንዳይገባ ይከለክል ነበር። ሰበቡ የባሪያ ንግድን ማጥፋት ነው። ክልከላው ግን ቅኝ ገዢዎቹ የሚወጉት ሕዝብ መሣሪያ እንዳይኖረው ማድረጉ የታወቀ ነው። ፈረንሳይ በጅቡቲ በኩል ንግዱን ያላቆመችው ለኢትዮጵያ ነጻነት ተቆርቁራ ሳይሆን የጣሊያንንና የእንግሊዝን መስፋፋት ለመግታትና ለአዲሲቱ ወደቧ ገቢ ለማስገኘት ነበር። ይሁንና ጥቅሙ ተገናኘ።

አድዋ ላይ በተፋላሚዎቹ እጅ የነበረውን ስናነጻጽር የሚያስገርም ነገር እናገኛለን። የጣሊያን ጦር በ1891 አዲስ የ6.5 ሚሊሜትር ጠመንጃ ቢቀበልም፣ አድዋ ላይ የተሰለፉት ወታደሮች የያዙት አሮጌውን 10.4 ሚሊሜትር ቬተርሊ ነበር። የኤርትራ አስካሪዎች ቬተርሊ ስለታጠቁ ጦሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ጥይት እንዲኖረው ታስቦ ነው። ፋብሪካ ያላት ጣሊያን እንኳ የመረጠችው በጥይቱ ነው ማለት ነው። በእኛ ወገን ውጅግራ፣ ሬሚንግተን፣ ቬተርሊና ሌላም ሌላም የተቀላቀለ ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ጥይቱን ለይቶ ማደል የየአለቃው ጭንቀት ነበር። በዚያ ላይ ፈጥኖ ተኳሽ የሆችኪስ መድፎች ነበሩ።

አሁን ስለ ባሩድ ጥቂት እንበል፤ የኬሚስትሪና የፊዚክስ መምህራን በዚህ ላይ ከእኛ የበለጠ ሊሉ ይችላሉ። ጥቁር ባሩድ ሲነድ ከክብደቱ ከግማሽ የሚበልጠው ጋዝ አይሆንም፤ ጥላሸትና አመድ ሆኖ ይቀራል፣ ወይም ወፍራም ነጭ ጭስ ሆኖ ይወጣል። ተኳሹ ከሁለት ሦስት ተኩስ በኋላ ዒላማውን አያይም፤ ጠላት ግን ጭሱን አይቶ ያለበትን ያውቃል። የጠመንጃውም ቱቦ ውስጡ በጥላሸት ይጠባል። በ1884 ፈረንሳዊው ኬሚስት ፖል ቪዬይ ጭስ አልባ ባሩድን ሠራ። ይህ ባሩድ ሲነድ ሁሉም ለማለት በሚቻል መጠን ጋዝ ይሆናል። ለበል የተባለው 8 ሚሊሜትር ጠመንጃ በዚህ ባሩድ የመጀመሪያው የጦር ሠራዊት ጠመንጃ ነው። ጥይቱ ቀጠነ፣ ፍጥነቱ በረታ፣ ጭሱ ጠፋ።

ይህ ለውጥ ሁለት ውጤት አስከተለ። የመጀመሪያው ለእኛ መጥፎ ነበር። ጭስ አልባ ባሩድ ከናይትሮሴሉሎስ በፋብሪካ የሚሠራ እንጂ በምድጃ ዳር የሚቀመም አይደለም። የውጅግራውን ቀለህ በአገር ባሩድ መሙላት ይቻል የነበረ ሲሆን፣ የለበልንና የምንሽርን ቀለህ እንደዚያ አድርጎ በሙሉ ኃይሉ መተኮስ አይቻልም። መሣሪያው በተሻሻለ ቁጥር ባለቤቱ ለወደቡ ይበልጥ ጥገኛ ሆነ።

ሁለተኛው ውጤት የመሣሪያውን አሠራር የለወጠ ነው። ከባሩዱ የሚወጣው ጋዝ ንጹሕ ስለሆነ ጥይቱን ከመግፋት አልፎ ሌላ ሥራ እንዲሠራ ማድረግ ተቻለ። በቱቦው ላይ ትንሽ ቀዳዳ ተበጀች፤ ጥይቱ ቀዳዳዋን ሲያልፍ ከኋላው ካለው ጋዝ ጥቂቱ በዚያች በኩል ወጥቶ ፒስተን ይገፋል፤ ፒስተኑ መዝጊያውን ከፍቶ ባዶውን ቀለህ ያወጣል፤ ሞላ ደግሞ መዝጊያውን መልሶ አዲስ ጥይት ያጎርሳል። በጥቁር ባሩድ ቢሆን ይህች ቀዳዳ ወዲያው በጥላሸት በተደፈነች ነበር። ተማሪዎቻችን «ጋዝ» የሚለውን ቃል በ1928 ዓ.ም. ጦርነት ከወረደብን መርዝ ጋር እንዳያምታቱት እንጠነቀቅ፤ እዚህ ላይ የምንናገረው ከነደደው ባሩድ ስለሚወጣው ትኩስ አየር ነው። የፈረንሳዩ ሆችኪስ መትረየስ በዚህ አሠራር ከሠሩት ቀደምት መሣሪያዎች አንዱ ሲሆን፣ ተኳሹ የጋዙን ኃይል የሚያስተካክልበት መቆጣጠሪያ ነበረው። በ1935 ከኢትዮጵያ መትረየሶች መካከል ሆችኪስ ይገኝበታል። ስለዚህ በጋዝ የሚሠራ መሣሪያ ወደ አገራችን የገባው በጠመንጃ ሳይሆን በመትረየስ መልክ ነው።

ከአድዋ በኋላ የጅቡቲ በር በሕግ ጸና። በ1897 ከላጋርድ ጋር በተደረገው ውል ጅቡቲ የኢትዮጵያ ንግድ ዋና መውጫ ሆና ታወቀች፤ ምኒልክም ላጋርድን «የእንጦጦ መስፍን» የሚል ማዕረግ ሰጡት። ሐዲዱ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። በሌላ በኩል በሩን የሚጠብቁት በዙ። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን በዲሴምበር 13 ቀን 1906 ኢትዮጵያን በጥቅም ክልል የሚከፋፍል ውል ሲፈራረሙ በዚያው ዕለት ስለ መሣሪያ ንግድ ቁጥጥርም ተስማሙ። በኦገስት 1930 የተፈረመው ውል ለንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት መሣሪያ የማስገባት መብቱን አወቀ። መብቱ በወረቀት ላይ ነበር፤ ሳጥኖቹ የሚራገፉት ግን በፈረንሳይ ወደብ ላይ ነው።

ይህ ልዩነት በ1935 ምን ማለት እንደሆነ ታየ። በጃንዋሪ 7 ቀን የፈረንሳዩ ላቫል ከሙሶሊኒ ጋር ሮም ላይ ተስማማ፤ ጣሊያን ከባቡር ኩባንያው 2,500 አክሲዮን እንድታገኝ ተደረገ። በዚያው ዓመት ክረምት እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ እንዳይሸጥ ከለከሉ። ክልከላው «ለሁለቱም» መሆኑ ፍትሕ ይመስላል። ጣሊያን ግን ጠመንጃውንም ጥይቱንም በአገሯ ትሠራለች፤ ክልከላው የያዘው ኢትዮጵያን ብቻ ነው። የመንግሥታቱ ማኅበር በኦክቶበር ወር በኢትዮጵያ ላይ የነበረውን ክልከላ ቢያነሣም ጊዜው አልፎ ነበር። በጅቡቲ ያሉት የፈረንሳይ ባለሥልጣኖችም ጣሊያን ወደቡንና ሐዲዱን ትደበድባለች በሚል ሥጋት ማስተላለፉን ስላልወደዱት፣ ከመሣሪያው ብዙው በእንግሊዝ ሶማሊላንድ በበርበራ በኩል በበረሃ መንገድ መጓጓዝ ግድ ሆነበት።

ወደ ግንባር የዘመተው ሠራዊት የያዘው የአርባ ዓመት ግዢ ድምር ነበር። የአያት ውጅግራ፣ የአባት ምንሽር፣ ለበል፣ አዲሱ ቤልጅግ በአንድ ሰልፍ ውስጥ ይገኛሉ። ለበል 8 ሚሊሜትር ነው፤ ምንሽርም 8 ሚሊሜትር ነው፤ ማውዘር 7.9 ነው። በስማቸው ሲታዩ ወንድማማች ይመስላሉ፤ የአንዱ ጥይት ግን ለሌላው አይሆንም። የቀለሁ ርዝመትና ቅርጽ ይለያያል። ሁለት ጎን ለጎን የሚዋጉ ሰዎች አንዱ ዝናሩ ሲያልቅ ከሌላው መበደር አይችልም ማለት ነው። ስለ ማይጨው ሽንፈት ብዙ ምክንያት ይደረደራል፤ አውሮፕላኑ፣ መርዙ፣ የአመራሩ ድክመት። ይህ የጥይት መዘበራረቅ በዝርዝሩ ውስጥ የሚገባውን ቦታ አግኝቷል ብለን አናምንም። በሜይ 2 ቀን 1936 ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ወደ ጅቡቲ ወረዱ፤ ከዚያም በእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፍረው ሄዱ። ጥይቱ በቸገረ የመጣበት ሐዲድ ንጉሡን ይዞ ወረደ።

በሩ ከተዘጋ በኋላ የቀሩት አርበኞች የጥይት ምንጫቸውን ከወደብ ወደ ጠላት ዝናር አዛወሩ። የጣሊያኑን 6.5 ሚሊሜትር ጠመንጃ መማረክ ያስፈለገው ከቤልጅግ ወይም ከምንሽር ስለሚሻል አይደለም፤ ጥይቱ በየምሽጉ ስለነበረ ነው። በዚህም ላይ አንድ ችግር ነበረ። ያ ጠመንጃ ስድስት ጥይት በአንድ የብረት መያዣ፣ ማለትም በክሊፕ ተጠርንፎ በካዝናው ውስጥ ካልገባለት አንድ በአንድ ካልሆነ በቀር አይተኩስም። ስለዚህ ጥይቱን ብቻ ሳይሆን ክሊፑንም መልቀም ያስፈልግ ነበር።

በዚያው በ1936፣ በጃንዋሪ 9 ቀን፣ የኢትዮጵያ ጦር በተምቤን ተራሮች ላይ ለመጀመሪያው ትልቅ ውጊያ ሲዘጋጅ፣ የአሜሪካ ጦር ኤም ዋን የተባለውን ጋራንድ ጠመንጃ ተቀበለ። አንድ የጦር ሠራዊት ለእግረኛ ወታደሩ ሁሉ ራሱን የሚያጎርስ ጠመንጃ ሲመርጥ ይህ የመጀመሪያው ነው። የምርጫው ታሪክ ከርእሳችን ጋር በጣም ይገናኛል። መሐንዲሱ ጆን ጋራንድ ጠመንጃውን ያሰናዳው በካሊበር 0.276 ለሚባል ቀጭን ጥይት ነበር፤ አሥር ይጎርስ ነበር። በ1932 ጄኔራል ማክአርተር «አይሆንም፣ በ0.30 ይሠራ» ብሎ ወሰነ፤ በግምጃ ቤት የተከማቸው ጥይት ያ ስለነበረ። ጠመንጃው ለጥይቱ ሲባል እንደገና ተሠራ፤ አሥሩም ስምንት ሆነ።

ጋዙ ከቱቦው ላይ በየት በኩል ይወሰድ የሚለውም ጥያቄ ቀላል አልነበረም። ጋራንድ በመጀመሪያ ጋዙን ከአፈሙዙ ውጭ በቆብ ያዘው፤ ቆቡ ስላስቸገረ ከ1940 ጀምሮ ቀዳዳዋ ከአፈሙዙ ጥቂት ሳንቲሜትር ወደ ውስጥ በቱቦው ላይ ተበሳች። ጥይቱ እዚያ ሲደርስ የጋዙ ግፊት ስለሚበርድ ብረቱን አያንገላታውም፤ ነገር ግን ከዚያ እስከ መዝጊያው የሚደርስ ረጅም ዘንግ ያስፈልጋል። ዘንጉ ረጅም እንደመሆኑ ተገቢ ያልሆነ ባሩድ ሲተኮስበት ሊጎብጥ ይችላል። ካርባይን የተባለው ታናሽ ጠመንጃ ደግሞ ተቃራኒውን መንገድ ይዟል። ቀዳዳዋ ከጥይቱ ማረፊያ ብዙም አትርቅም፤ እዚያ ጋዙ ገና ትኩስና ብርቱ ስለሆነ ፒስተኑ የሚንቀሳቀሰው ከ4 ሚሊሜትር ያነሰ ነው፤ አንዴ መትቶ ይቆማል፤ ቀሪውን መንሸራተቻው በተሰጠው ኃይል ይሠራዋል። ኤም ዋን 4.3 ኪሎ ሲመዝን ካርባይን 2.5 ኪሎ ያህል ነው። የቀዳዳው ርቀት፣ የዘንጉ ክብደት፣ የሞላው ጥንካሬና የባሩዱ ጠባይ አንድ ላይ የሚመረጡ እንጂ አንዱን ለውጦ ሌላውን እንዳለ መተው የሚቻልባቸው አይደሉም። ሁለቱም «ካሊበር 30» ይባላሉ፤ ጥይታቸው ግን አይለዋወጥም። የለበልና የምንሽር ጉዳይ እንደገና መጣ ማለት ነው።

ኢትዮጵያውያን ወታደሮች ከኤም ዋን ጋር በሰፊው የተዋወቁት በጅቡቲ በኩል ወጥተው ነው። በሚያዝያ 1943 ዓ.ም.፣ ይኸውም በኤፕሪል 1951፣ የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ከአዲስ አበባ በባቡር ጅቡቲ ወረደ፤ እዚያም «ጄኔራል ማክሬ» በተባለች የአሜሪካ መርከብ ተሳፈረና በሜይ መጀመሪያ ኮሪያ ውስጥ ፑሳን ደረሰ። በአሜሪካ መሣሪያ ሠለጠነ፤ ከዚያም በ7ኛው የአሜሪካ ክፍለ ጦር ውስጥ ተሰልፎ ወደ ግንባር ወጣ። ለስድሳ ዓመት ጠመንጃ ወደ ውስጥ ሲያስገባ የኖረው ወደብ በዚህ ጊዜ ወታደሩን ወደ ጠመንጃው ላከው። በ1952 ኤርትራ በፌዴሬሽን ስትቀላቀል ምጽዋና አሰብ ስለተገኙ፣ በ1953ም ከአሜሪካ ጋር የወታደራዊ እርዳታ ውል ስለተፈረመ ጅቡቲ ብቸኛዋ የጥይት በር መሆኗ ቀረ።

የኤም ዋን ስምንት ጥይቶች የሚገቡት እንደ ምንሽር በክሊፕ ተጠርንፈው ነው፤ የአባቱን ምንሽር ያየ የቃኘው ወታደር ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ልዩነቱ በምንሽር ባዶው ክሊፕ በካዝናው ሥር ሲወድቅ፣ በኤም ዋን የመጨረሻው ጥይት እንደተተኮሰ ከላይ ተወርውሮ መውጣቱና ብረቱ ቅጭል ማለቱ ነው። ክሊፑ የጠፋበት ወታደር ጋዙ፣ ፒስተኑና ረጅሙ ዘንግ ሁሉ እያሉለት አንዷን ጥይት በእጁ አጉርሶ፣ ተኩሶ፣ ሌላዋን ከኪሱ ያወጣል፤ ልክ እንደ ውጅግራ።